ከወገቡ ያጠረ ቀሚስ

ምግብ ማብሰል ላይ እጄ አይረባም፤ የወንድሜ ልጅ ባርብ ይህን ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። እንዲያም ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኦቨን ፊት ውዬ ነው ቤቴ የምገባው። የምጋግረው ብርጭቆ ነው። ብልቃጡን፣ ቱቦውን፣ ጠርሙሱን አጥቤ፣ አሥር ጊዜ አለቅልቄ፣ አፉን በፎይል ሸፍኜ፣ ዶሮ ቢገባበት ከሰል ሆኖ በሚወጣበት ሙቀት ስምንት ሰዓት አቆየዋለሁ። ሚልዋኪ ውስጥ ከሎሬታ ኩያቫ ብልቃጥ የበለጠ ንጹሕ ነገር ካለ ትናንት የተጠመቀ ሕፃን ነፍስ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሰው ጣት ያመጣው ነው። ላብራቶሪያችን የሚያጠናው ዶሮ እንቁላል ስትሠራ ሴሎቿ ውስጥ የሚሆነውን ነበር። የእንቁላሉ ነጭ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው ጂን ዲኤንኤው ላይ ተጽፎ ሴሉ አስኳል ውስጥ፣ የእንቁላሉን አስኳል ማለቴ አይደለም፣ ተቆልፎበት ይኖራል፤ ንቅንቅ አይልም። የሚወጣው ከላዩ የተቀዳው ግልባጭ ነው፤ አርኤንኤ ይሉታል። እሱ መልእክቱን ይዞ ከአስኳሉ ይወጣል፣ ውጭ የሚጠብቁት አንብበው ፕሮቲኑን ይሠራሉ። ታዲያ ይህ መልእክተኛ የሰው ላብ አይችልም። ጣታችን ላይ እሱን ቆራርጦ የሚጨርስ ኢንዛይም አለ፤ አንድ ሰው ብልቃጡን በባዶ እጁ ነክቶ እንደሆነ የሁለት ወር ልፋት እንክትክቱ ይወጣል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሰው የሚመዘነው በጓንቱ ነው።

አለቃችን ዶክተር ኮንራድ ቮግት ግን ጓንት አይወዱም ነበር። ጭራሽ ወረቀት ሲገልጡ ጣታቸውን የሚልሱ ሰው ናቸው። ልሰው ይገልጣሉ፣ ገልጠው ይልሳሉ፣ ከዚያ በዚያው ጣት የእኔን ፎይል ገለጥ አድርገው ውስጡን ያያሉ። እንዲህ ባደረጉ ቁጥር ትንፍሽ ሳልል ብልቃጡን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ መታጠቢያው እመልሰዋለሁ። እሳቸውም ለምን ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተከባብረን ኖርን።

ጠቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1977 በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ራስል ኒበርጋል የሚባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረን፤ በር ላይ ግንባሩን ሳይመታ የማይገባ ረጅም ልጅ። ሥራው ግልባጩን መለካት ነበር። አስኳሉ ውስጥ ያለውን ሲለካው ሰባት ሺህ ፊደል ያህል ይረዝማል። ከአስኳሉ የወጣውን ሲለካው ሁለት ሺህ። ደግሞ ለካ፤ ሁለት ሺህ። ዶሮዋን ቀየረ፣ መድኃኒቱን ቀየረ፣ ጸሎት ሁሉ ሞከረ፤ ሁለት ሺህ።

ዶክተር ቮግት ደግሞ መልእክቱ አንዲት ፊደል ሳትጎድለው ነው ከአስኳሉ የሚወጣው ብለው በሦስት ጉባኤ ተናግረው ጨርሰዋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባቸው መሰለኝ፣ ራስል ርዝመቱ መስመር ሆኖ የሚወጣበትን የራጅ ፊልም ባሳያቸው ቁጥር ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ያዩትና ተሰብሯል ይላሉ። ማን ሰበረው? ብልቃጡ። ብልቃጡን ማን አጠበው? መልሱን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ወደ ወለሉ ያያል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፣ ዳውላው እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለን፤ ተራው የደረሰው ክሪንግል የሚባለውን ኬክ ይዞ ይመጣል፣ ኬክ ቆረስ እያደረግን እርስ በርስ እንናቆራለን። በማርች መጨረሻ ተራው የእኔ ነበር፤ የፔካን ለውዝ ክሪንግል ገዝቼ መጣሁ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ሳይጨርሱ ነው ዶክተር ቮግት የተናገሩት። እስከ ጁን ማብቂያ ድረስ ከአስኳሉ ውጭ ሰባት ሺህ የሚረዝመው ካልታየ፣ ሎሬታ ወደ እንስሳቱ ሕንፃ ሄዳ የአይጥ ሳጥን ታጥባለች፣ እዚህ ሌላ ሰው ይመጣል አሉ። በቁጣ ቢሉት ይሻለኝ ነበር። ለስለስ ብለው፣ እንደ ሐኪም ነው የነገሩኝ።

አይጥ አልጠላም፤ ደመወዙም ያው ነው። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቆሻሻ ብልቃጥ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህ እኮራ ነበር። ሌላ የምኮራበት ነገርም የለኝም። የዚያን ቀን ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ።

መፍትሔው የመጣው ከቀሚስ ነው። ባርብ በጁን ልታገባ ነበርና የእናቴን የሙሽራ ቀሚስ ካልለበስኩ አለች። እናቴ የመብራት እንጨት የምታክል ሴት ነበረች፤ ባርብ ደግሞ ከጫማዋ ጋር እንኳ እኔ ትከሻ ላይ ነው የምትደርሰው። አንድ የኤፕሪል እሑድ ማድ ቤት ወንበር ላይ አቆምኳትና አፌን በመርፌ ሞልቼ ዙሪያዋን ስዞር ዋልኩ። ቀሚሱ አንገቱ ላይ ዳንቴል አለው፣ ታች ጫፉ ላይም ሌላ ሰፊ ዳንቴል አለው፤ ሁለቱንም አያቴ በእጇ የሠራቻቸው ናቸው።

ባርብ መቆም ታክቷት፣ "አክስቴ፣ ከታች ቆርጠሽ ብትገላግይኝስ?" አለችኝ።

"ከታች ቆርጬ ዳንቴሉን ለማን ልሰጠው ነው?"

"ከላይ ቁረጪዋ።"

"አንገትሽን ነው የምትይኝ? ከወገቡ ነው የሚቆረጠው። መሃሉን ቆርጦ አውጥቶ ላይና ታቹን መግጠም ነው። ሁለቱም ዳንቴል ይተርፋል፣ ቀሚሱም ያጥራል።"

ይህን ከአፌ እንዳወጣሁ መርፌዎቹም አብረው ወጡ። ባርብ ምን ሆንሽ ስትለኝ እዚያው ወንበሩ ላይ ትቻት ወረቀት ፍለጋ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግልባጩ መቀዳት እንደጀመረ ራሱ ላይ አንዲት ቆብ ይደረግለታል፤ ተቀድቶ ሲያበቃ ደግሞ ከታች ኤ ኤ ኤ እያለ የሚሄድ ረጅም ጅራት ይቀጠልለታል። ራስል ይህን ስንት ጊዜ ነግሮኛል፤ ብቻውን መሥራት ስለማይችል ለእኔ እያወራ ነው የሚሠራው። በዚያው ሳምንት የለካው ደግሞ ይህንኑ ነበር። ረጅሙም ቆብና ጅራት አለው፤ አጭሩም ቆብና ጅራት አለው። ዶክተር ቮግት ይህንንም ብልቃጡ ነው ብለው ነበር፤ ብልቃጥ ቆብ ያለብስ ይመስል።

ሰኞ ጠዋት ራስል ጓንቱን እንዳጠለቀ ያዝኩት።

"አንተ ልጅ፣ ገመድ ሲበጠስ ቁራጩ ሁለቱንም ጫፍ ይዞ ይቀራል?"

"አይቀርም እትዬ ሎሬታ። ወይ ላዩን ነው ወይ ታቹን።"

"ታዲያ ያንተ አጭሩ ቆቡንም ጅራቱንም ከየት አመጣው?"

ራሱን በጓንቱ አከከና ጓንቱን አይቶ አውልቆ ጣለው። ቀሚሱን ነገርኩት። ዳንቴሉን፣ ወገቡን፣ ባርብ ወንበር ላይ እንደቀረች። በመጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ እንደገና ሳቀ፣ የሁለተኛው ሳቅ ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

"ሴሉ ልብስ ይሰፋል እያሉኝ ነው?"

"ስለ ሴሉ አላውቅም። ስለ ብልቃጤ ነው የማውቀው። ቆሻሻ ብልቃጥ ይቦጫጭቃል እንጂ ለክቶ አይሰፋም።"

ልጁ አፉ አያርፍምና ስብሰባው ላይ ዘረገፈው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር ቮግት መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ሴል መቀስ የለውም አሉ፤ መርፌና ክርም የለው። ደግሞስ አምስት ሺህ ፊደል ቀድቶ ቀድቶ ለመጣል ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ይጽፈዋል? ጥያቄው ጥሩ ነበር። እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተሰፍቶ ከተገኘስ?

"ሴል ሲሰፋ የተገኘ ቀን፣ አንድ ወር ሙሉ ብልቃጥ የማጥበው እኔ ነኝ" አሉ።

እኛ ዘንድ ነጭ ፕላስተር ላይ ስምና ቀን ያልተጻፈበት ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ብልቃጥ ይሁን የሰው ሳንድዊች፣ ፕላስተር ከሌለው ማንም አንስቶ ይጥለዋል፤ ፕላስተር ያለበትን ደግሞ አለቃም ቢሆን አይነካውም። ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ዶክተር ቮግት ናቸው። ስለዚህ ከኪሴ ፕላስተሩን አወጣሁ፣ ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት፣ ፊታቸው አደረግኩት። እየሳቁ ቀኑን ጻፉ፣ "ኮ.ቮ." ብለው ፈረሙ። ወስጄ ኦቨኑ በር ላይ ለጠፍኩት። ሁሉም አጨበጨበ፣ የቀረውን ክሪንግል በልተን ተበተንን፣ ፊልሙም በማግስቱ ሁለት ሺህ አለ።

ጁን ገባ። ዶክተር ቮግት ኒውዮርክ አጠገብ ባሕር ዳርቻ የሚደረግ ትልቅ ጉባኤ ላይ ሄዱ። እኔ ሬዲዮዬን፣ ሽርጤንና ሲኒዬን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ተባርሬ ከምሰበስብ ሰብስቤ ልጠብቅ ብዬ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው ስልኩ የጮኸው። ዓርብ የዓሣ ጥብስ ቀን ስለሆነ ሁሉም ማዶ ያለው መጠጥ ቤት ሄዷል፤ የቀረነው እኔና ራስል ነን፣ እሱም ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ካፖርት ለብሶ ይንቀጠቀጣል። አነሳሁት። ዶክተር ቮግት ናቸው። ከኋላቸው እንደ ሠርግ ቤት ይንጫጫል።

ራስልን አቅርቢልኝ አሉ። ቀዝቃዛው ክፍል ነው፣ መልእክት ልቀበልዎ አልኳቸው። ኋላ እደውላለሁ ሊሉ ጀመሩና ከኋላቸው ስልኩን የሚጠብቅ ወረፋ እንዳለ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ኧረ እሺ፣ ጻፊ አሉኝ። ፕላስተሩን አወጣሁ።

የሰው ሴል ውስጥ በሚራባ የጉንፋን ቫይረስ ላይ ነው የተገኘው አሉ፤ ሁለት ቡድኖች፣ ለየብቻቸው። መልእክቱን ከተቀዳበት ዲኤንኤ ጋር አጣምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ዲኤንኤው ቀጥ ብሎ አልተኛም። ቦታ ቦታው ላይ እንደ ቀለበት ተቆልምሞ ወጥቷል። ቀለበቱ ጥንዱን ያጣው ቁራጭ ነው፤ ዲኤንኤው ላይ አለ፣ መልእክቱ ላይ የለም። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይቀዳል፣ ቆቡና ጅራቱ ይደረጋል፣ ከዚያ የማይፈለገው ተቆርጦ ይወጣል ማለት ነው።

እስክሪብቶዬን ፕላስተሩ ላይ እንዳቆምኩ ጠየቅኳቸው።

"ከየት ጋ ነው የሚቆረጠው ዶክተር?"

"ከመሃል።"

"ይቅርታ፣ መስመሩ አይሰማም።"

"ከመሃል ነው ሎሬታ።"

"ጫፍና ጫፉስ?"

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከኋላቸው አንድ ሰው በሳቅ ይንከተከታል።

"ተሰፍቷል" አሉ።

"ተሰፍቷል ብዬ ልጻፈው?"

"ተሰፍቷል ብለሽ ጻፊው።"

ጻፍኩት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከታች "የተቀበለችው ሎ.ኩ." ብዬ። ስልኩን ሰቀልኩና ግንባሬን ኦቨኑ በር ላይ አስደግፌ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ብልቃጤ ንጹሕ ነው። ኦቨኑን ነው የነገርኩት፤ ሌላ ሰው አልነበረም።

ራስል ቅንድቡ በረዶ ሰርቶ ብቅ ሲል ፕላስተሩን ደረቱ ላይ ለጠፍኩለት። ወደ ታች አጎንብሶ ገልብጦ አነበበው። ከዚያ አነሳኝ። ስድሳ ስምንት ኪሎ የምመዝን ሴት ነኝ፤ አንስቶ ከኦቨኑ እስከ ስልኩ፣ ከስልኩ እስከ ኦቨኑ አሽከረከረኝ፣ መብራቱን በራሱ መታው፣ ይቅርታ ጠየቀው። ሦስት ወር ሙሉ ውድቀት ነው እየተባለ ያነሣው ፊልም ሁሉ ትክክል ነበር። ልጁ አንድ ጊዜም አልተሳሳተም፤ የእሱ ዶሮ ናት ቀሚሷን ከወገቡ ስታሳጥር የኖረችው።

መጠጥ ቤቱ የገባነው እየሮጥን ነው። ሰዎቻችን ዓሣቸውን አቁመው ሰሙን፣ ከዚያ ሁላቸውም እኩል መጮህ ጀመሩ። ራስል ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈውን ወረቀት ርዝመቱን ቀደደና ራሱ ጋ ቆብ፣ ጫፉ ላይ ጅራት ሣለበት፤ መሃሉን በቢላ ቆርጦ ጣለ፣ ሁለቱን ጫፍ በእኔ ፕላስተር አገናኘ። ሌላው ቀማውና በሌላ ቦታ ቆረጠው። እንዲህ ብንቆርጠው ሌላ መልእክት አይወጣውም ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም ወረቀቱ ላይ ተደፋን፣ ከዚያ ጩኸቱ ባሰበት። አሻሻጩ ምን ተወልዶላችሁ ነው ቢለን፣ ዶሮ ልብስ ሰፋች አልነው። ለእኔ አንድ ብራንዲ አመጣልኝ፣ ለእነሱ ውሃ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ቮግት ሻንጣቸውን እንደያዙ በቀጥታ ወደ ኦቨኔ መጡ። ላብራቶሪው በሙሉ ሥራ ያለው መስሎ በሩ አካባቢ ይርመሰመሳል። የኤፕሪሉን ፕላስተር አነበቡ፤ ከሥሩ የለጠፍኩትን የዓርቡንም አነበቡ። ሊገልጡት ነው መሰለኝ ጣታቸው ወደ አፋቸው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ።

"ጓንት የት ነው ያለው?" አሉ።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ግን ሰውዬው ቃላቸውን አላጠፉም፣ ይህን አልነሳቸውም። ሽርጤን አስታጠቅኳቸው፣ አሥር ጊዜ ነው የሚለቀለቀው አልኳቸው፣ ሰምቻለሁ አሉ። ሦስተኛው ላይ ስለ ጉባኤው ማውራት ጀመሩ፣ ስድስት ይሁን ሰባት ላይ ቁጥሩ ጠፋባቸው፣ አንዱን ብልቃጥ በጓንት አንስተው በዚያው ጓንት አፍንጫቸውን አከኩ። አየሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብያለሁና አሁን ምን አስቸኮለኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ራስል በእሳቸው ብልቃጥ የሠራውን ፊልም ይዞ መጣ። ምንም መስመር የለበትም። ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነው፣ እርጥብ ከሰል በእጅ የታሸበት ይመስል። ቆብ ያለው ጅራት የለውም፣ ጅራት ያለው ቆብ የለውም፣ አብዛኛው ሁለቱም የለውም። ሁሉም ተሰበሰበ። ዶክተር ቮግት ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አንጋጠው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ቆሻሻ ብልቃጥ ማለት ይሄ ነው?" አሉ።

"ይሄ ነው ዶክተር።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ አንድም አላየሁም" አሉ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለሰዉ ሁሉ ነው የተናገሩት። ፕላስተር ለመኑኝ፣ "ቆሻሻ ብልቃጥ። ያጠበው ኮ.ቮ." ብለው ጻፉበት፣ ቀኑንም ጻፉ፣ ፊልሙን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። አጠገቡ ከራስል የማርች ፊልሞች አንዱን አደረጉ፤ ሁለት ሺህ ላይ አንዲት ቀጭን፣ ጥርት ያለች መስመር። ከሥሩ "ሎ.ኩ." ብለው ጻፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ኦቨንሽ ተመለሽልኝ አሉኝ። ሃያ ስድስት ቀን ይቀርዎታል አልኳቸው። ግን ካርቶኔን ፈታሁ፣ ሬዲዮዬን ከፈትኩ።

ቅዳሜ ባርብ ስታገባ ላብራቶሪው በሙሉ መጥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዉ ሁሉ የሙሽራዋን ፊት ያያል፣ የእኛ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ወገቧን ያያሉ። ሙሽራው ፊቱ ሲቀላ አየሁት፤ ኋላ ራስል ሄዶ አስረዳው፣ የገባው አይመስለኝም። የፖልካው ጭፈራ ሲጀመር ዶክተር ቮግት ባርብ አጠገብ ቆመው ፈቃዷን ጠየቁና መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ዙሪያዋን ዞሩ። አንድ ጊዜ ጣታቸውን ሊያስጠጉ ብለው ተዉትና እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ስፌቱን ሊያገኙት አልቻሉም።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

"ሦስት ወር ፊቴ አስቀምጠሽልኝ አላየሁትም ሎሬታ" አሉኝ። "ከየት ጋ ነው የቆረጥሽው?"

"ከመሃል ነው ዶክተር" አልኳቸው፤ ከቦርሳዬ ፕላስተሩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። "ይጻፉት።"